ስድስተኛው ወንበር

ማትሮና ኢቫን የእህቴ ልጅ ናት፤ ወንድሜም ናት። ታናሽ ወንድማችን ኢቫን በጭጋግ ውስጥ በተከሰከሰ አውሮፕላን የሞተው እሷ ልትወለድ ሦስት ወር ሲቀራት ነበር። በእኛ፣ በሰሜን ጫፍ በምንኖረው በዩፒኮች ዘንድ፣ የሟች ስም ተከትሎት ለተወለደው ልጅ ይሰጣል፤ ስሙን የወሰደ ሰውየውንም ወሰደ ማለት ነው። እህቴ ኦሊንካ ገና ከምጡ ሳትነሳ «ወንድሜ ተመለሰ» ብላ ተቀበለቻት። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ወንድሜ፣ ሻይ አፍላ»፣ «ወንድሜ፣ ዓሣውን ገልብጠው» ስትላት ኖረች። ከደቡብ የሚመጡ አስተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ግራ ይገባቸዋል። ይግባቸው።

እኔ ኒኮላይ እባላለሁ፤ በመንደራችን አውሮፕላን ተቀባይ ነኝ። መንገድ ስለሌለን ሽንኩርቱም፣ ፖስታውም፣ ቄሱም፣ የሬሳ ሳጥኑም የሚመጣው በአንዲት ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ነው። አብራሪው ሊደርስ አሥር ደቂቃ ሲቀረው በሬዲዮ ይጠራኛል። ነፋሱ ከወዴት እንደሆነ፣ ደመናው ምን ያህል እንደወረደ፣ በማረፊያው ዳር ከተደረደሩት ብርቱካንማ በርሜሎች ስንቱ እንደሚታይ እነግረዋለሁ። ሳል ድምፄን ሲበላው ሬዲዮውን የተቀበለችኝ ማትሮና ናት፤ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አብራሪዎቹ የእኔን ድምፅ ሲሰሙ «ልጅቷ የለችም እንዴ?» ማለት ጀመሩ። ቅር አላለኝም ብል ውሸት ነው።

አብራሪ ልሁን የሚለው ሐሳቧ የተጸነሰው እዚያው ማረፊያው ላይ ነው። ከደቡብ የሚመጡት ወጣት አብራሪዎች አንድ የበረዶ ወቅት ይቆዩና ጭጋጉ ሲያንገሸግሻቸው ይሄዳሉ፤ በየዓመቱ አዲስ ፊት ነው። አንድ ቀን የፖስታ ከረጢት እያወረደች «አጎቴ፣ መሬቱን የምናውቀው እኛ፣ የሚያበሩት እነሱ። ይሄ ነገር ልክ ነው?» አለችኝ።

እኔ ሞኙ ቀልድ መስሎኝ «አንቺማ ዕድሜሽን ሙሉ የፓይለት ዳቦ በልተሽ ምን ይቀርሻል?» አልኳት። የፓይለት ዳቦ የምንለው ያንን በሻይ ካልነከሩት ጥርስ የሚያነቃንቅ ደረቅ ብስኩት ነው፤ ከማንም ቤት አይጠፋም። ሁልጊዜ የሚያስቃት ቀልድ ነበር። ያን ቀን ግን አልሳቀችም፤ እኔም ነገሩ የምር እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

ለእናቷ ሳትነግር ለሁለት ትምህርት ቤቶች አመለከተች። አንደኛው አሪዞና በረሃ ላይ ያለ ትልቅ አካዳሚ ነው፤ በዓመት ሦስት መቶ ቀን ፀሐይ የሚወጣበት፣ ከዚያ የሚመረቁት ትልልቅ ጄት የሚያበሩበት። ሁለተኛው ከእኛ ሠላሳ አምስት ደቂቃ በረራ በምትርቀው የወንዝ ዳር ከተማ ያለ ትንሽ ትምህርት ቤት ነው፤ በዓመት የሚቀበለው ስድስት ሰልጣኝ ብቻ ነው። ዓይኗንና ልቧን ተመርምራ አለፈች። የአሪዞናው ቀድሞ ተቀበላት። ደብዳቤውን የተሸከምኩት እኔው ነኝ፤ ቁልቋል የተሳለበት ትልቅ ፖስታ ነበር፤ ወደ እህቴ ቤት ስወስደው እጄ ላይ ከበደኝ።

ኦሊንካ ደጅ ላይ ሳልመን ዓሣ እየዘለዘለች ነበር። እህቴ ብዙ አታወራም። በእኛ አገር አዎ ለማለት ቅንድብ ከፍ ይላል፤ እምቢ ለማለት አፍንጫ ይሰበሰባል፤ እሷ ቤተሰቡን ያስተዳደረችው በእነዚህ በሁለቱ ነው። ማትሮና ደብዳቤውን አነበበችላት። ኦሊንካ አፍንጫዋን ሰበሰበች።

«ከተማው ያለውስ? እዚሁ ቅርብ ነው» አለች ማትሮና።

ኦሊንካ ቢላዋን አስቀመጠች። «አንድ ወንድሜን ለአውሮፕላን ሰጥቻለሁ» አለች። «ሁለተኛ ከየት አመጣለሁ?»

ያ ቃል ከወጣ በኋላ ስለ ጉዳዩ አልተናገረችም። ማትሮናም አልተወችውም። ትልቅ ሰው ናት፤ ፈቃድ አያስፈልጋትም፤ ግን እናቷ አፍንጫዋን እንደሰበሰበች ጥላ መሄድ አንጀቷ እንዳልቻለ አውቃለሁ። በዚህ ላይ አሪዞናዎቹ መልሷን እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ድረስ በስልክ ካላሳወቀች ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ ጽፈዋል። የእነሱ ስድስት ሰዓት የእኛ አምስት ሰዓት ነው። የከተማው ትምህርት ቤት ደግሞ ፈተናውን ማክሰኞ ሰጥቶ ውጤቱን ዓርብ ነው የሚናገረው፤ በስንት ሰዓት እንደሆነ አልተናገረም።

«የአሪዞናውን ያዢ» አልኳት። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል አሉ።»

«አጎቴ፣ ጭጋግ አይተው የማያውቁ ሰዎች ስለ ጭጋግ ምን ያስተምሩኛል? እኔ ማብረር የምፈልገው እዚህ ነው።»

«ከተማው ካልተቀበለሽስ?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። ቀለል አድርጋ ነው፤ ግን የጥፍሮቿን ዙሪያ በጥርሷ ልጣ ጨርሳዋለች።

ማክሰኞ ሄዳ በማታው አውሮፕላን ተመለሰች። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ዴል የሚባል፣ ከደቡብ ከመጣ ገና ስድስት ወር ያልሞላው ሰው ነው። የጽሑፉን ፈተና አልፋለች። ቃለ መጠይቁ ላይ «ከአምስት ዓመት በኋላ የት ትሆኛለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«ምን አልሽው?»

«በሕይወት ካለሁ እዚሁ ነኝ አልኩት።»

«ደህና ነው» አልኳት። ስለ ነገ አፉን ሞልቶ የሚናገር ሰው እኛ ዘንድ እንደ ዕብድ ነው የሚታየው።

«እሱ ግን ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ አውሮፕላን ላይ ወጣን። አየር ላይ መሪውን ሊለቅልኝ ሲል ‹መሪው በእጅሽ ነው?› ብሎ ጠየቀኝ። መለስኩለት። እንደገና ጠየቀኝ። መለስኩለት። ሦስተኛ ጠየቀኝ፤ መለስኩለት፤ እሱ ግን መሪውን መልሶ ወሰደና አረፍን። ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም። ጆሮው ሳይደክም አይቀርም።»

«አስተማሪ ሆኖ ጆሮው የደከመ?» አልኩ። እኔም ነገሩ አልተገለጠልኝም። የእኛ ሰው ነኝና እንዴት ይገለጥልኝ።

ረቡዕ ኦሊንካ ጥርሷን አሟት ለመነቀል ወደ ከተማ ሄደች። ማትሮና ብቻዋን ቀረች፤ እኔም ከእሷ ጋር አብሬ ማበድ ጀመርኩ። ሐሙስ ዕለት የተቀባይ ጎጆዬን ወለል ሁለት ጊዜ አጠበችው። የስልኩን ገመድ ነቅላ ሰካችው። «ደውለው አጥተውን ቢሆንስ?» አለች። ቅድም የጎጆውን ስልክ ከመደብሩ ስልክ ደውላ ፈትሻው ነበር። ምሳ አቀረብኩላት፤ ዓሣውን በሹካ ወዲያና ወዲህ ስታንከራትተው ቆይታ ለውሻው ሰጠችው። እኔ እሷን ስቆጣ ዋልኩና ማታ የራሴን ሳህን ሳየው አልተነካም።

ዓርብ ጠዋት ከወንዙ ጭጋግ ይነሳ ጀመር። ማትሮና የእጅ ሬዲዮዋን ይዛ በርሜሎቹን ልታይ ወደ ማረፊያው ጫፍ ሄደች። ቫስካ የሚባለው አብራሪያችን ኦሊንካን ይዞ ከከተማ ተነስቷል። ስልኩ አራት ሰዓት ላይ ጮኸ።

«ኒኮላይ ነዎት? ዴል ነኝ፣ ከበረራ ትምህርት ቤቱ። ማትሮና ምስክር አድርጋ ስምዎን ስለሰጠችን ነው።»

የፖስታ ከረጢቱ ላይ ተቀመጥኩ።

«በግልጽ ልንገርዎት» አለ። «አምስቱ ወንበሮች ተይዘዋል። ስድስተኛው ለእሷ ወይ ከላይኛው ወንዝ ለመጣ ልጅ ነው። በጽሑፉ እሷ ትበልጠዋለች። እጇም ጥሩ ነው። ግን አትመልስም። መሪው በእጅሽ ነው ስላት ዝም። ሦስት ጊዜ ጠይቄያት ሦስቴም ዝም። አየር ላይ ዝም የሚል ሰው አብሮት ያለውን ይገድላል። ይሄ ይገባዎታል አይደል?»

ይገባኛል። ከእኔ በላይ ለማን ይገባል።

«ይሰሙኛል?» አለ።

እሰማዋለሁ።

«ኒኮላይ? መስመሩ ተቋረጠ እንዴ? እዚያ ነዎት?»

ይህ ሰውዬ ምን ሆኗል እያልኩ ቀና ስል በመስኮቱ መስታወት ራሴን አየሁት። አንድ ሽማግሌ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ቅንድቡን እስከ ባርኔጣው ድረስ ሰቅሏል።

«ቆይ ቆይ» አልኩት። «አሁን ምን ብለህ ነው የጠየቅኸኝ?»

«ይገባዎታል ወይ፣ ይሰሙኛል ወይ፣ አሉ ወይ።»

«መለስኩልህ እኮ። ሦስቴም።»

«ምንም አልሰማሁም።»

«እንዴት ትሰማለህ! በቅንድቤ ነው የመለስኩልህ።»

አፌ ተከፈተ፤ ሲከፈት ደግሞ አይዘጋም። «ስማ፣ እኛ አዎ የምንለው በቅንድብ ነው። ሰው አጠገባችን ካለ ፊታችን ይመልሳል፤ አፋችን አይደርስም። አንተ የፊቱን መስታወት እያየህ ስትጠይቃት ልጅቷ ጎንህ ሆና ሦስት ጊዜ አዎ ብላሃለች። ዘወር ብለህ ብታያት ኖሮ ይሄን ሁሉ ቀን ባላበድን። ብቻዋን ሬዲዮ ላይ ስትሆንማ...»

«ኒኮላይ፣ አጎቷ ነዎት አይደል?»

ቅንድቤ ሊነሳ ሲል ያዝኩትና «አዎ» አልኩ።

«አጎት ይሄን ቢል አይገርመኝም። ግን በእንዲህ ያለ ነገር ወንበር...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም፤ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ሬዲዮ ጮኸ። ቫስካ ነው። «አሥር ደቂቃ ቀርቶኛል። ማረፊያው እንዴት ነው?»

የማትሮና ድምፅ ወዲያው መጣ፤ ጥርት ያለ፣ ያልቸኮለ። «ቫስካ፣ ነፋስ ከደቡብ ምዕራብ ነው፣ ፍጥነቱ አሥር። ጭጋግ ከወንዙ እየወጣ ነው። ቅድም ስምንት በርሜል ይታየኝ ነበር፤ አሁን አምስት ነው።»

«አምስት ይበቃኛል፤ እሞክራታለሁ። እናትሽን ይዣለሁ። ጥርሷን ተነቅላለች፤ ቤቷ መግባት ነው የምትፈልገው።»

በርሜሎቹን ደግማ እየቆጠረች እንደሆነ ገባኝ። ኢቫንን የጫነው አብራሪ የዚያን ቀን እንዲሁ ጠርቶ ነበር፤ ማረፊያው ላይ የሚመልስለት ሰው አልነበረም። ተቀባዩ እኔ ነበርኩ፤ አውሮፕላን አይመጣም ብዬ መረብ ልጥል ሄጄ ነበር። ይህን ለእህቴ ነግሬያት አላውቅም፤ እሷም ጠይቃኝ አታውቅም።

«ቫስካ» አለች ማትሮና። «ሦስት በርሜል። አትምጣ። ተመለስ።»

«አንድ ጊዜ ዝቅ ብዬ ብሞክር...»

«አትሞክር። ተመለስ። ሰማኸኝ ወይ?»

መልስ የለም።

«ቫስካ፣ ሰማኸኝ ወይ? መልስልኝ።»

«ሰምቻለሁ» አለ። «ዞሬያለሁ። ወደ ከተማ እየተመለስኩ ነው።»

የሞተሩ ድምፅ ከጭጋጉ በላይ ራቅ ብሎ ተሰማና ቀስ በቀስ ጠፋ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግሁ ረስቼዋለሁ።

«ይቺ ናት?» አለ ዴል።

«እሷ ናት።»

«የተሳፈሩት እናቷ ናቸው?»

«እናቷ ናት።»

«እደውላለሁ» ብሎ ዘጋው። ይቀበላት አይቀበላት፣ ከድምፁ ምንም ማወቅ አልቻልኩም።

ማትሮና ስትገባ ፀጉሯ ላይ ጭጋጉ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። የሆነውን ነገርኳት። መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት ሁለቱንም እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ «በቅንድቤ?» አለች። «አጎቴ፣ ሦስቴም በቅንድቤ?»

«እኔ በስልክ ነው ያደረግሁት። ከእኔ ትሻያለሽ።»

ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ። ሰዓቱን አይታ ነው። ለአምስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ይቀራል። ቁልቋል ያለበት ፖስታ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ስልክ ቁጥሩም ከላዩ አለ። ስልኩን ገፋ አድርጌ ፊቷ አስቀመጥኩላት።

«ደውይና ያዢው። የከተማው ከተሳካ በኋላ ትተይዋለሽ።»

«እመጣለሁ ብዬ ቃል ሰጥቼ?»

«አዎ፣ ቃል ሰጥተሽ! ስንቱ ሰጥቶ ያጥፍ የለም እንዴ?»

«መስመሩን ይዤው ዴል ቢደውልስ?»

ማትሮና እጇን ስልኩ ላይ አሳረፈች፤ አነሳችው፤ መልሳ አስቀመጠችው። ለአምስት ሰዓት ሦስት ደቂቃ ሲቀረው የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝና ወደ ደጅ ወጣሁ። ስመለስ ሰዓቱ አምስትን አልፏል፤ አልደወለችም፤ ፖስታውም ታጥፎ ኪሷ ውስጥ ገብቷል። በዚያች ሰዓት እጇ ላይ የቀረ አንድም ነገር አልነበረም። ልቆጣት ብዬ ፊቷን ሳየው ተውኩት። ሻይ አፈላሁ። ሁለታችንም አልጠጣነው።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ያን ቀን ግን የዚያ ስልክ ዝምታ ሲነቅዝ ሰምቻለሁ። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ሰባት ሆነ። ስምንት ላይ ስልኩ ጮኸና ሁለታችንም ዘለልን፤ ሽንኩርት መጥቷል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የመደብሩ ሰው ነው። ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም። ማትሮና ከረጢቱ ላይ ተቀምጣ ለከተማው ወንበር ሳይሆን ለላይኛው ወንዝ ልጅ ማሰብ ጀመረች። «እሱም እኮ እንደ እኔ ስልክ አጠገብ ተቀምጧል» አለችኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው ናት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዴል ደወለ። እሷም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«ኒኮላይ፣ አንድ ነገር እንዲያረጋግጡልኝ ነው» አለ። «ፊት ለፊቴ አንዲት ሴትዮ ተቀምጠዋል። ጉንጫቸው አብጧል፤ አፋቸው ውስጥ ጥጥ አለ። ከገቡ ግማሽ ሰዓት ሆናቸው፤ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ቫስካ በር ድረስ አምጥቷቸው የማትሮና እናት ናቸው፣ በሬዲዮ የተባለውን ሁሉ ሰምተዋል ብሎኝ ሄደ።»

ማትሮና ከከረጢቱ ተነሳች።

«ምን ልታዘዝ ብላቸው ዝም። ሲጨንቀኝ ‹ማትሮና እዚህ ብትማር ደስ ይልዎታል?› ብዬ ጠየቅኳቸው። ምንም አላሉም። ‹ወንበሩን ልስጣት?› አልኳቸው። ያኔ...»

«ያኔ ምን?» አልኩ።

«ቅንድባቸውን አነሱ። ጠዋት የነገሩኝን አስታውሼ ነው የደወልኩት። አዎ ማለት ነው፣ አይደል?»

ማትሮና ወደ ስልኩ ጠጋ ብላ «አንድ ጊዜ ነው ያነሳችው?» አለች።

«እርግጠኛ ለመሆን ደግሜ ጠየቅኳቸው። ደግመው አነሱ። ሁለተኛው ላይ ትንሽ የተቆጡ መሰለኝ።»

«እሷ ናት» አለች ማትሮና፤ ዓይኗ ሞላ።

«በሉ እንግዲህ... በይ እንግዲህ» አለ ዴል። «ወንበሩን እኔ የወሰንኩት ጠዋት ነው፣ ቫስካን መልስልኝ ስትይው። ሌላኛውን ልጅ አነጋግሬ ለሚቀጥለው ዓመት ቦታ እስክሰጠው ነው የቆየሁት። ማትሮና፣ ሰኞ ትጀምሪያለሽ?»

ዞር ብዬ አየኋት። ቅንድቦቿ ፀጉሯ ውስጥ ሊገቡ ደርሰዋል። በቦቲዬ እግሯን ረገጥኳት።

«አዎ» አለች። መንደሩ ሁሉ ሳይሰማ አልቀረም።

ሰኞ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ቫስካ አጠገቡ ካለው ወንበር ላይ ካርቶኑን አንስቶ ለማትሮና ቦታ ለቀቀላት። ኦሊንካ ቅዳሜ ነው የተመለሰችው፤ ከተማ ስለሆነው ነገር ጠይቄያት አፍንጫዋን ሰብስባብኛለች። አሁን የደረቀ ሳልመን የሞላበት ከረጢት ይዛ አውሮፕላኑ ሥር ቆማለች። የጉንጯ እብጠት ጎድሏል። ስጦታውን ሰጠቻትና የልጅቷን ኮሌታ አስተካከለችላት፤ መስተካከል የማያስፈልገውን።

«ልጄ» አለቻት። «ልትደርሺ ስትይ በሬዲዮ ንገሪኝ። በአፍሽ።»

ወንድሜ አላለቻትም። ማትሮናም ሰምታዋለች፤ ደረጃውን ስትወጣ እግሯ አንድ ጊዜ ሳተው።

አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ኦሊንካ ወደ ቤቷ ትሄዳለች ብዬ ስጠብቅ ተከትላኝ ጎጆው ገባችና ሬዲዮው ፊት ተቀመጠች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ገብታ አታውቅም። ሠላሳ ደቂቃ ዓይኗን ከላዩ አልነቀለችም። በመጨረሻ ቱሽ አለና ያ ጥርት ያለ ድምፅ መጣ። «እማ፣ ማትሮና ነኝ። ከተማው ይታየኛል። ልናርፍ ነው። ሰማሽኝ ወይ?»

ኦሊንካ ሬዲዮውን ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያም ቅንድቧን አነሳችለት።

እጄን ዘርግቼ አዝራሩን ተጫንኩላትና «እናትሽ ሰምታሻለች» አልኩ።